«ጥር ላይ የቆጠርሽው ሰው ሑዳዴ ላይ የለም»

የምክር አምድ

ደብዳቤው

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚጻፍልዎ ስለ ትዳርና ስለ ዘመድ ስለሆነ የኔ ጥያቄ እዚህ ይገባ አይገባ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ግን የኔም ነገር ዞሮ ዞሮ ዘመድ ላይ ስለሚያርፍ ልጻፍልዎ ብዬ ተነሳሁ።

ዕድሜዬ 34 ነው። ዱባይ ለዓመታት ሠርቼ የተመለስኩት አምና ነው። መጀመሪያ እንደማንኛዋም ልጅ ሰው ቤት ገባሁ፤ ኋላ ዕድል ቀናኝና አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ሆንኩ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሠራሁት ሆቴሉ ባር ውስጥ ነው። ቢራ መቅዳት፣ በርሜል መቀየር፣ የሰከረ እንግዳን ሳያስቀይሙ መሸኘት የተማርኩት እዚያ ነው። ብሩንም ያጠራቀምኩት «አንድ ቀን የራሴን እከፍታለሁ» እያልኩ ነው። አሁን በእጄ 1,600,000 ብር አለ።

ያየሁት ቤት ጎሮ አካባቢ ነው፤ ከኮንዶሚኒየሞቹ ወጣ ብሎ ዋናው መንገድ ላይ። አሁን ግሮሰሪ ነው። የያዘው ሰው ሊለቅ ስለሆነ ለቁልፍ 400,000 ብር ጠይቆኛል። አከራዩ በወር 45,000 ብር፣ የስድስት ወር ቅድሚያ ይላሉ። ለእድሳት ባለሙያ አስገምቼ 350,000 ብር ተባልኩ። ለወጥ ቤት ዕቃ፣ ለኳስ ማሳያ ትልቅ ቴሌቪዥንና ለድምፅ 300,000 ብር ይዣለሁ። የሚተርፈኝ 280,000 ብር ነው፤ እሱ ለመጀመሪያ ዕቃ መግዣ ይሆነኛል ብዬ አስቤአለሁ።

ገበያውን ዝም ብዬ አልገመትኩም። ጓደኛዬ ሰሚት አካባቢ ድራፍት ቤት አላት። ባለፈው ጥር ማታ ማታ እየሄድኩ፣ ጥግ ይዤ ሰው እቆጥር ነበር። በሥራ ቀን ከ60 አያንስም፣ ቅዳሜ ከ100 ያልፋል። አንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ጃምቦ ይጠጣል። በጃምቦ 20 ብር ባተርፍ፣ በ60 ሰው ብቻ በቀን 2,400፣ በወር 72,000 ብር ማለት ነው። ከኪራዩ ላይ 27,000 ብር ይተርፈኛል። ደሞዝና ሌላ ወጪውን ደግሞ ጠርሙስ ቢራውና ምግቡ ይሸፍነዋል ብያለሁ። ከጥምቀት በፊት ብከፍት የጥርን ሠርግ ሁሉ አገኘዋለሁ።

ሌላው፣ የአንድ ቢራ ወኪል ቤቱን ማየቴን ሰምቶ ደወለልኝ። የድራፍት ማሽን፣ ሁለት ፍሪጅ፣ 12 ጠረጴዛ ከነወንበሩ፣ ጃንጥላና የበር ታፔላ በነጻ እንሰጥሻለን አለኝ። ለእድሳትም 150,000 ብር ይጨምራሉ። በምላሹ ሦስት ዓመት የእነሱን ቢራ ብቻ ልሸጥ፣ ድራፍቱንም በወር ከ40 በርሜል እንዳላሳንስ ነው። በርሜሉ ባለ 30 ሊትር ነው። ከሰውየው ጋር ስናወራ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነበር። ቤት ገብቼ ውሉን ሳነበው ግን «ኮታውን ያላሟላ እንደሆነ ዕቃውንና ገንዘቡን ይመልሳል» የሚል አየሁና ልቤ ከፈል አለ።

አሁን ወደ ዘመዱ ልምጣ። ታናሽ ወንድሜ ሥራ የለውም። ካሸር ሆኖ አብሮኝ ሊሠራ ተስማምተናል፤ እሱ ግን ሰሞኑን «ግማሹ የኔ ይሁንና በሁለታችን ስም ይውጣ» ማለት ጀምሯል። ብር አላወጣም። ወንድ ልጅ ከሌለበት ግን ሰካራሙም ደንብ አስከባሪውም ይጫወትብሻል ይለኛል፤ ይሄ ደግሞ ውሸት አይደለም። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ ጓደኛ ያበዛል እንጂ።

እማዬ ደግሞ ከነገርኳት ቀን ጀምሮ በወጉ አታናግረኝም። «ልጄ ዐረብ አገር ለፍታ መጥታ ሰካራም ልትጠብቅ ነው?» አለች። ከዚያ ቤት በመጣ ብር የተገዛ ጤፍ ቤቴ አይገባም ብላ ምላለች። የቤተ ክርስቲያን ሰው ነች፤ ስትምል ደግሞ እንዲያው አትምልም።

የቁልፉን ብር እንድከፍል የተሰጠኝ ጊዜ እየቀረበ ነው። ምን ይሉኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከጎሮ

መልሱ

እህቴ፣ ቦታው ይሄው ነው። እኔም ይሄን አምድ ከመያዜ በፊት ግሮሰሪ ሳስተዳድር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ደብዳቤሽን እስክርቢቶ ይዤ ነው ያነበብኩት። ከሒሳቡ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ሙያው አለሽ። ብዙው ሰው ቢራ ቤት የሚከፍተው መጠጣት ስለሚወድ ነው፤ አንቺ ቀድተሽ፣ አጥበሽ፣ ሰክሮ የተኛ ሰው ቀስቅሰሽ መጥተሻል። ችግርሽ የቆጠርሽበት ወር ነው። ጥር ላይ ማንም ቢሆን ይሸጣል። ገና አልፎ፣ ጥምቀት ገብቶ፣ ሠርግ በሠርግ ሆኖ፣ ከሠርግ የተረፈው ሁሉ በየድራፍት ቤቱ የሚያመሽበት ወር ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሑዳዴ ይገባል፤ 55 ቀን። ቢራ የጾም ነው እያለ የሚጠጣ አይጠፋም፤ ጥብስ አዝዞ፣ ጓደኛ ጠርቶ፣ ሦስት ሰዓት የሚቀመጠው ሰውዬ ግን የለም። ጓደኛሽ ቤት ሑዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ማታ ሄደሽ ብትቆጥሪ ኖሮ፣ ሦስት ሰው አምቦ ውሃ ይዞ ኳስ ሲያይ፣ አስተናጋጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ስልካቸውን ሲነካኩ ታገኚ ነበር። እሷን ራሷን ጠይቂያት። «ጥር እንዴት ነው?» አትበያት፤ «ሑዳዴን ኪራይ በምን ከፈልሽ?» በያት። የእውነት ጓደኛ ከሆነች ደብተሯን ታሳይሻለች።

አሁን የራስሽን ቁጥር እንውሰድ። በወር 72,000 ብር ብለሻል፣ ከዚያ ላይ ኪራይ ብቻ ነው የቀነስሽው። አብሳይ፣ ሁለት አስተናጋጅ፣ ባሬስታና ዘበኛ ብትይዢ፣ የቀጣሪውን 11 በመቶ ጡረታ ጨምረሽ 35,000 ብር ይሁን። መብራት፣ ውሃ፣ ጋዝ፣ ሳሙና፣ የሚሰበር ብርጭቆ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ጥቃቅኑ ሁሉ 15,000 በይው። ከኪራዩ ጋር 95,000 ብር መጣ። ይሄ ማንም ሰው በርሽን ባይረግጥም የሚወጣ ነው። በጃምቦ 20 ብር ብታተርፊ፣ ይሄን ብቻ ለመሸፈን በወር 4,750 ጃምቦ፣ በቀን ወደ 158 ያስፈልግሻል። አንቺ በጥሩ ወር የገመትሽው 120 ነው። ቀሪውን ጠርሙሱና ምግቡ ይሸፍነዋል ያልሽው ሊሆን ይችላል፤ ግን «ይሸፍነዋል» ሒሳብ አይደለም። ደብዳቤሽ ውስጥ ለቴሌቪዥኑ ዋጋ አለ፣ ለምግቡ አንድ መስመር ዝርዝር የለም። ወንድ አብሳይ ይሁን ሴት፣ ክትፎ ይሁን ዱለት፣ በጾም በያይነቱ ይሁን ሽሮ፣ ምንም የለም።

ቢራ ቤትን የሚያኖረው ወጥ ቤቱ ነው። ቢራው ላይ ዋጋ ብትጨምሪ ሰውየው ጎረቤት ይሄዳል፤ ያው ቢራ ነውና። የአንቺ ሽሮ ግን ጎረቤት ቤት የለም። ጎሮን የሚያህል የኮንዶሚኒየም ሰፈር ምሳ የሚበላ ሠራተኛና ከሥራ ሲገባ እራት የሚያስጭን ሰው አያጣም። ቢራ የማይጠጣውም ጎረቤትሽ እንዲገባ ቀን ቀን ምግብ ቤት፣ ማታ ድራፍት ቤት ብታደርጊው እኔ ደስ ይለኛል። በጾም ወቅት የጾም ምግብሽ ከታወቀ ሑዳዴ የሚያስፈራሽ ነገር መሆኑ ይቀራል። ለድምፅ የያዝሽውን ብር ግማሹን ለጥሩ አብሳይ ደሞዝ አዙሪው። ጎረቤት የማይቀሰቅስ ሙዚቃ ይበቃል፤ አለበለዚያ ከሁሉ በፊት ወረዳ የሚወስድሽ እሱ ነው። ኳሱንም ካሳየሽ በንግድ ቤት ደንበኝነት አስገቢው፣ በቤት ካርድ አይደለም።

ስለዚህ ከጥምቀት በፊት አትክፈቺ። ጥርን እንዳያመልጥሽ ብለሽ ትሮጫለሽ፣ እድሳቱ ይዘገይብሻል፣ በሩን ስትከፍቺ ጾሙ ደጅ ላይ ነው። ፋሲካን ይዘሽ ክፈቺ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ አዲስ ቤት ሰው የሚለምድበት ከዚያ የተሻለ ጊዜ በዓመቱ ውስጥ የለም። ክረምቱና ፍልሰታ ሲመጣ ደንበኛ ይዘሻል። ባዶውን ወር ኪራይ ላለመክፈል ደግሞ ከአከራዩ ጋር የእድሳት ጊዜ ተደራደሪ፤ አንድ ወር የማይሰጥ አከራይ ብዙ አላየሁም፣ የሚጠይቀው ተከራይ ነው ያነሰው። የተረፈሽን 280,000 ብር በሙሉ ዕቃ አትግዢበት። የሦስት ወር ወጪሽ 285,000 ብር ነው፤ ያ ብር ባንክ ተቀምጦ ካልተነካ ነው አንድ ክፉ ወቅት የምትሻገሪው። ታዲያ ዕቃው በምን ይገዛ ትይኛለሽ። ከቁልፉና ከድምፁ በምትቀንሺው።

ወደ ወኪሉ ልምጣ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ሥራው ነው። ግን ምን እየገዛ እንደሆነ እወቂ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቶታል። ከዚያ በፊት ዜና በቢራ፣ ኳስ በቢራ፣ በዓል በቢራ ነበር የሚታጀበው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጀምሮ ሐረር፣ በደሌ፣ ሜታ፣ ዳሽን፣ ዋልያ፣ ሐበሻ፣ ይሄ ሁሉ ቢራ አሁን የቀረው ዋና መታያ የአንቺ ደጅ ነው። ታፔላው፣ ጃንጥላው፣ ወንበሩ፣ ብርጭቆው ላይ ያለው ስም። ዋና መንገድ ላይ ያለ ግንብ ሦስት ዓመት ሙሉ እያከራየሻቸው ነው ያለሽው፤ ስለዚህ ለማኝ ሆነሽ አትቅረቢ። ሌላ ፋብሪካም ወኪል አለው። ቢያንስ ሁለቱን ጠርተሽ ምን ትሰጡኛላችሁ በያቸው።

ኮታውን ደግሞ ጃምቦ አድርገን እንየው። ጃምቦሽ 40 ሴንቲ ሊትር የሚይዝ ከሆነ ከ30 ሊትር በርሜል 75 ጃምቦ ይወጣል። 40 በርሜል 3,000 ጃምቦ ነው፤ በቀን 100፣ በዓመቱ በእያንዳንዱ ቀን፣ ስቅለትንም ጨምሮ። ጥር ላይ ቀላል ይመስላል። ሑዳዴ ላይ ሽያጭሽ ወደ ኮታው ግማሽ ቢወርድ 20 በርሜል ነው፤ ውሉን አፍርሰሻል ማለት ነው። ስለዚህ ኮታው በወር ሳይሆን በዓመት ይቆጠር፣ ቁጥሩም ይውረድ በይ። የሚመለሰው ገንዘብ በሠራሽበት ልክ እየቀነሰ ይሂድ፤ ሁለት ዓመት ሠርተሽ ሦስተኛው ላይ ቢሰናከል 150,000 ብሩን ሙሉ ልትመልሺ አይገባም። ቢራው ከፋብሪካ ሲጠፋ ወይም ሳያደርሱልሽ ሲቀሩ ከሌላ መግዛት እንድትችዪ ይጻፍ፤ በበዓል ሰሞን ቢራ የሚጠፋበት ጊዜ አለና። ማሽኑ ሲበላሽ በስንት ሰዓት ይጠግኑልሻል? እሱም ይጻፍ። ድራፍቱን ለነሱ ሰጥተሽ ጠርሙሱን ነጻ ማድረግ ከቻልሽማ ግሩም ነው።

ደብዳቤሽ ውስጥ ያጣሁት አንድ ነገር አለ። አከራዩ ስንት ዓመት ሰጡሽ? የስድስት ወር ቅድሚያ ብለሻል እንጂ የውሉን ዘመን አልነገርሽኝም። አንድ ዓመት ከሆነና ወኪሉ ጋር ሦስት ዓመት ከፈረምሽ፣ ባልተከራየሽው ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ቢራ ልትሸጪ ቃል ገብተሻል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ የመኖሪያ ቤት ነው፤ ለንግድ ቤት አይደርስልሽም። የሚከላከልልሽ ራስሽ የምትጽፊው ውል ብቻ ነው። ከወኪሉ ውል ያላነሰ ዘመን፣ በዓመት የሚጨመረው ኪራይ ከስንት በመቶ እንደማይበልጥ፣ ለእድሳት ያወጣሽው ምን እንደሚሆን ይስፈርበት። ወረዳ ሄደሽም መንገዱ ዳር ያለው ቤት በኮሪደር ልማት ይነካ እንደሆነ ጠይቂ። ፒያሳ እንዴት እንደተነሳ አይተሻል፤ ዋና መንገድ ላይ መሆን ለገበያ ያለውን ያህል ለዚህም አለው። እዚያው ሳለሽ ትምህርት ቤትና የአምልኮ ቦታ ቅርብ ከሆነ ለመጠጥ ቤት ፈቃድ ይሰጥ አይሰጥ እንደሆነ አረጋግጪ።

የቁልፉ ብር ሆዴን በልቶታል። 400,000 ብር ለምንድን ነው የምትከፍዪው? ሰውየው ፈቃዱን ሊያስተላልፍልሽ አይችልም፤ የራስሽን ታወጫለሽ። ቤቱም የሱ አይደለም። ገበያ ካለው ለምን ይለቃል? ጎረቤት ያለውን ባለሱቅና የጫማ ጠራጊውን ልጅ ጠይቂያቸው፤ ከደላላው የተሻለ ያውቃሉ። ከከፈልሽም አከራዩ፣ እሱና አንቺ ሦስታችሁ በፈረማችሁበት ወረቀት፣ የሚቀረው ዕቃ አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ የመብራትና የውሃ ዕዳ አለመኖሩ ታይቶ፣ ከአከራዩ ውል በኋላ ይሁን። ቀነ ገደቡን የሰጠሽ እሱ ነው፣ ሕግ አይደለም። እኔ ብሆን ግማሹን እላለሁ፤ እምቢ ካለ ሌላ ቤት አያለሁ።

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር፣ ከዱባይ ስለመጣሽ። ዱባይ ባሕር ጠረፍ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ የለመድሽውን የጋዝ መለኪያ እዚህ ይዘሽ ብትመጪ አረፋው ያሳብድሻል። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በቢራው ውስጥ ያለው ጋዝ ከበርሜሉ ወደ መቅጃው በሚወስደው መስመር ላይ እያለ ማምለጥ ይጀምራል። በየ600 ሜትሩ የጋዙን ግፊት ወደ 1 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) መጨመር ነው ልማዱ፤ ለኛ ከተማ ወደ 4 ይደርሳል። እዚያ በ12 የምትቀጂ ከነበረ እዚህ ወደ 16 ያስኬድሻል፤ ግን ራስሽ አትነካኪው፣ የፋብሪካው ቴክኒሻን ያስተካክለው፣ አንቺ ቆመሽ እዪ። በርሜሉ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ካልቀዘቀዘ ማንም መለኪያ አያድንሽም። መብራት ሲሄድ በርሜሉ ይሞቃል፣ ስለዚህ ቢያንስ ፍሪጁንና ማቀዝቀዣውን የሚይዝ ጄኔሬተር በጀትሽ ውስጥ ይግባ፤ እሱንም አላየሁም። መስመሩ በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ። ብርጭቆው ጥብስ በነካ ጨርቅ አይወልወል፤ ቅባት የነካው ብርጭቆ አረፋውን ወዲያው ይገድላል፣ ጎኑ ላይም የአየር ነጠብጣብ ተለጥፎ ታያለሽ። የድራፍቱን ጋዝ (ካርቦን ዳይኦክሳይዱን) ደግሞ የተዘጋ ትንሽ ክፍል ውስጥ አታስቀምጪ፤ ቢያመልጥ ሽታ የለውም፣ መሬት ለመሬት ተኝቶ ሰው ይጥላል።

ይሄን ሁሉ የምልሽ ለውበቱ አይደለም። ከበርሜሉ አንድ አሥረኛው በአረፋ ቢፈስ፣ ከ40 በርሜል 300 ጃምቦ በሙሉ ዋጋው ሄደ ማለት ነው። በጃምቦ 20 ብር አተርፋለሁ ስትዪ ይሄ አልተቆጠረም።

ሌላው ማፍሰሻ እጅ ነው። አስተናጋጅሽ ከካሸር ማርካ፣ ማለትም ሒሳቡ መከፈሉን የሚያሳይ ምልክት ገዝታ፣ ማርካውን ለባሬስታው ሰጥታ ቢራዋን ትውሰድ። ማርካ ሳይቀበል የቀዳ ባሬስታ ጉድለቱ የራሱ ነው። ሌሊት ከመዘጋቱ በፊት ርክክብ ይደረግ፤ ባዶ ጠርሙሱ ሳይቀር ይቆጠር፣ የጠርሙሱና የሳጥኑ ማስያዣ ብር ነውና። ዱቤ የለም። ለመንደሩ ሹምም የለም። ደረሰኝ ከማሽኑ ይቆረጥ፤ ጎረቤትሽ አይቆርጥም ብለሽ አትከተዪው። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በዚያው በምግብና መድኃኒት አዋጅ የተከለከለ ነው፤ ቤት ውስጥ ማጨስም እንዲሁ። አስተናጋጆቹን ይሄን ገና ሲቀጠሩ ንገሪያቸው፤ ደንበኛ እጁን ቢሰነዝርባቸውም ከእነሱ ጋር እንደምትቆሚ አብረሽ ንገሪያቸው።

እንግዲህ ወንድምሽ። «ጥሩ ልጅ ነው፣ ጓደኛ ያበዛል» ብለሽ ራስሽ መልሰሽዋል። ጓደኛ የሚያበዛ ሰው ካሸር አይሆንም። ማታ ሦስት ጓደኞቹ ይመጣሉ፣ «ያዝልኝ» ይሉታል፣ እምቢ ማለት ያፍራል። ጉድለቱ ሲመጣ ደግሞ ወንድምሽን ሌባ ልትዪው ነው። ካሸሯ ሌላ ሰው ትሁን፤ መጀመሪያ ላይ እንዲያውም አንቺው ሁኚ። እሱ በደሞዝ ይግባ፤ እንግዳ ይቀበል፣ ጠብ ይገላግል፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ይነጋገር። ወንድ ያስፈልጋል ያለው እውነት ከሆነ ሥራው ይሄ ነው፣ ደሞዝም ያስከፍላል። ግማሽ ግን አይሆንም። ብርም ሥራም ሳያወጣ በስምሽ አጠገብ ስሙ ከገባ፣ ነገ ሚስት ሲያገባ ወይም ስትጣሉ ቤቱን ለሁለት ሰንጥቆ መካፈል ይመጣል። ሁለት ዓመት ሠርቶ ከቆየና ድርሻ ይገባዋል ካልሽ ያኔ በውል፣ በመቶኛ ስጪው። ይሄን ዛሬ ንገሪው፤ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ መንገር ሌላ ነገር ነው።

እናትሽን በተመለከተ ላሸንፍልሽ አልችልም፣ አልሞክርምም። የእናት መሐላ በክርክር አይፈታም። ግን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ ለማኅበር፣ ለሰንበቴ ጠላ ጠምቀው አያውቁም? ይሄ አገር ስንቱን ልጅ ያሳደገው በእናት ጠላና ጠጅ ነው። እኔን የሚገባኝ የሚፈሩት መጠጡን ሳይሆን ማታውን ነው፤ ልጃቸው እኩለ ሌሊት ላይ ከሰካራም ጋር መዋሏን፣ ሰፈሩ የሚለውን። ያ ፍርሃት ተገቢ ነው። የምሳ ምግብ ቤቱን መጀመሪያ አሳዪያቸው። ቀን ላይ፣ ጾም ላይ፣ በያይነቱ ቀርቦ ይቅመሱ። ሽሮው ላይ አስተያየት መስጠት ከጀመሩ ግማሹ መንገድ አልቋል። ጤፉን ግን በግድ አታስገቢባቸው፤ ሌላ ገቢ እስክታገኚ ወይም ልባቸው እስኪለሰልስ ለእሳቸው የምትልኪውን ከዱባይ ካጠራቀምሽው ላይ ለይተሽ አስቀምጪ። ለዚያም ነው ሙሉውን 1,600,000 ብር ቤቱ ውስጥ አትጨርሺ የምልሽ።

ነገ የምታደርጊው ይሄ ነው። ለሰውየው ቁልፉን አሁን አልከፍልም በይው። አከራዩን የውሉን ዘመን ጠይቂ። ወረዳ ሂጂ። ሁለተኛ ወኪል ጥሪ። የወኪሉን ውል ስሙን ሁሉ አጥፍተሽ ቅጂውን ላኪልኝ፤ ከመፈረምሽ በፊት አይቼ የሚሰረዘውን አስምሬ እመልስልሻለሁ።